የዓሣ ገንዳው አልጌ እና የተወነጀለችው እናት

«እማዬ፣ ዛሬም ዓሣዎቹን ምግብ አብልተሻቸዋል አይደል?!»

ገና ጫማውን እንኳ አላወለቀም...

እናቱ ገንዳው አጠገብ ቆማለች። እጇ ርሷል።

«ኧረ ምግቡን አልነካሁም፣ ልጄ። እኔ እኮ...»

«በቃ እማዬ! ደክሞኛል!»

እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ወደ ጓዳ ገባች።

ልጅየው የሆስፒታል ላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ደም ሲመረምር ውሎ፣ ወገቡ ተቆርጦ ነው ቤቱ የሚገባው።

ያለችው አንዲት ደስታ ሳሎን ያስቀመጠው የባሕር ውሃ አኳሪየም ነበር። አበባ የመሰሉት የባሕር ፍጥረታት ኮራሎቹ፣ ሁለት ብርቱካናማ ዓሣዎች...

ከስድስት ወር ወዲህ ግን ያቺም ደስታ መረረችው።

አልጌ!

ፀጉር የመሰለ አረንጓዴ ነገር ድንጋዩን ወረሰው። ኮራሎቹን ያንቃቸው ጀመር።

በጥርስ ብሩሽ ፈተገ... ተመልሶ በቀለ።

የመብራቱን ሰዓት ቀነሰ... ተመልሶ በቀለ።

አልጌ የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች ገዝቶ ጨመረ... እነሱም ታከታቸው መሰለኝ።

በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡን እየደፋ በአዲስ ተካ... ጭራሽ ባሰበት!

አንድ ቀን ታዲያ «የዓሣ ምግብ ሲበዛ አልጌ ይበዛል» የሚል ነገር አነበበ።

በቃ፣ ጥፋተኛ ተገኘ። ቀን ቤት የምትውለው እናቱ ብቻ ናት!

የምግቡን ቆርቆሮ እፊቷ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

 እናቱ በሳምንቱ ልብሷን በአንድ ቦርሳ ሸክፋ «እህትህ ጋ ትንሽ ልሰንብት» አለችው።

እሱም «እሺ» አለ። እሺ ብቻ...

ሁለት ወር አለፈ። ቤቱ ጭር አለ። አልጌው ግን ለመለመ!

ግራ ሲገባው የዓሣ ሱቅ ያላቸውን ሽማግሌ ለምኖ አመጣቸው።

«የምትጨምረውን ውሃ መርምረኸዋል?» አሉት።

«እሱማ በማጣሪያ ያለፈ ነው፤ ንጹሕ ነው።»

«መርምረኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።»

አልመረመረም። ሳይመረምር ውጤት ጽፎ የማያውቅ ሰው...

ሽማግሌው ከማጣሪያው የወጣውን ውሃ በትንሽ ብልቃጥ ቀድተው መመርመሪያ ጠብ አደረጉበት። ውሃው ሰማያዊ ሆነ።

«ፎስፌት ነው፤ የአልጌ ቀለብ። ማጣሪያው ውስጥ ያለውን ፊልተር መቼ ቀየርከው?»

«...ሁለት ዓመት ይሆነዋል።»

«እንግዲያው ውሃ በቀየርክ ቁጥር አልጌውን ስትቀልብ የከረምከው አንተው ነህ።»

ከዚያ ጎንበስ ብለው ከገንዳው ጀርባ አንድ የፕላስቲክ ጆግ አወጡ። እስከ አፉ የደረቀ አልጌ ሞልቶታል።

«ይሄን ሁሉ በጣትህ ነው የነቀልከው? ጎበዝ ነህ!»

እሱ አልነበረም...

የእናቱ እርጥብ እጅ ትዝ አለው። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ያኔውኑ እህቱ ቤት ሄደ። እናቱ ልብስ እያጠፈች ነበር።

«እማዬ... ጥፋቱ የኔ ነው። አልጌውን በጣትሽ ስትነቅዪ እንደነበር ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ ስል ጮህክብኝ። ደክሞህ ገብተህ እንደገና ለፍተጋ ጎንበስ ስትል አንጀቴን ብትበላው ነው እኮ... ቁልፉን ኪስህ ስትከት ካየሁ ወዲያ ግን፣ ምን ልበልህ?»

«ይቅር በይኝ። ተነሺ፣ ቤታችን እንሂድ።»

የያዘችውን ልብስ አጥፋ ጨረሰች። በረጅሙ ተነፈሰች።

«ይቅር ብዬሃለሁ። ዛሬ ግን ደክሞኛል፣ ልጄ... ቅዳሜ ና፣ እናወራለን።»

ፊልተሩን ቀየረ። አልጌው እየሳሳ ሄዶ ጠፋ።

እናቱ ግን እስካሁን እህቱ ጋ ናት። እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄዳል። አንዳንዴ ትስቃለች... አንዳንዴ ዝም ትላለች።

ወዳጆቼ... ደክሞን ስንገባ የምንወነጅለው አጠገባችን ያለውን፣ የማይመልስልንን ሰው ነው። ድካማችን እውነት ነው። ማስረጃ ግን አይደለም።

እናንተስ... ሳታጣሩ ወንጅላችሁት ኋላ ንጹሕ ሆኖ ያገኛችሁት ሰው አለ? ሄዳችሁ ይቅርታ ጠየቃችሁት ወይስ አፍራችሁ ቀራችሁ?

እስቲ ሳትደብቁ ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ። 👇