የነብር ዓመት ሙሽራ

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አንስቶ፣ «እማማ፣ በየትኛው ዓመት ነው የተወለዱት?» ሲላት አሮጊቷ ወደ ኋላዋ ሰረቅ አድርጋ አየች። የሻንዶንግ መንደርተኛ በሙሉ ለመጀመሪያው መታወቂያ ተሰልፏል፤ ባሏ ሚያኦም ከኋላዋ ቆሟል። በቻይና ዓመታት ተራ በተራ በአሥራ ሁለት እንስሳት ስም ይጠራሉ፤ በነብር ዓመት የተወለደችን ሴት ደግሞ ባሏን ትጎዳለች ብሎ የሚያገባ ስለሌለ፣ አጋቢዋ የዛሬ አርባ ዓመት «የበሬ ዓመት ልጅ ናት» ብላ ነበር የዳረቻት። ለመንግሥት መዋሸት ግን ያስፈራል።

«የነብር፣» አለች፣ ትንኝ እንኳ በማይሰማው ድምፅ። ሰልፉ ግን እስከ ጭራው ሰማት።

ሚያኦ እጁን ወደ ካፖርቱ ኪስ ሲሰድ ዓይኗን ጨፈነች። ያወጣው ቀይ መቀነት ነበር።

«አጋቢዋ እኮ በሠርጋችን ዕለት ሰክራ ነግራኛለች። ዘንድሮ የነብር ዓመት አይደል? የተወለደበት እንስሳ ዓመት ተመልሶ ሲመጣ ቀይ ያልታጠቀ ሰው ክፉ ያገኘዋል። ከአዲስ ዓመቱ በዓል ጀምሮ ይዤልሽ እዞራለሁ፤ አንቺ ግን አልናገር አልሽ!» አለና፣ ሰው ሁሉ እያየ ወገቧን ያስታጥቃት ጀመር።