ከሻሿ ሥር

"አንድ ቀን ነው፤ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው" አለ ባሏ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት መሬት መሬት እያየ። እሷም ይህችን "አንድ ቀን" ስትጠብቅ ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው ጋሽ ድንበሩ ወደ እሷ ዞሩ። "ልጄ፣ በአንድ ቀን ጥፋት ትዳር አይፈርስም። በይ ተነሺ፣ ይቅር በይው።"

ተነሳች። የሁሉም ፊት ፈካ። እሷ ግን ጥቁር ሻሿን ፈትታ እጇ ላይ ጠቀለለችው። ወገቧን ይነካ የነበረው ጸጉሯ የለም፤ ራሷን ሙልጭ አድርጋ ተላጭታለች።

"በስመ አብ! ማን ሞቶብሽ ነው?" አሉ ጋሽ ድንበሩ።

ቀረብ ብላ አንገቷን ደፋችላቸው። ጸጉሯ ለዓመታት የሸፈነው ጠባሳ ሁሉ ይታያል።

"ይቺ ገና በሰርጋችን ወር፣ በቀበቶ ዘለበት ነው። ይቺ ፌቨንን እርጉዝ ሆኜ። ይቺኛዋ ለፋሲካ፣ ወጡ ጨው በዛበት ብሎ። የሰሞኑን በእጅዎ አይንኩብኝ አባቴ፤ ገና አልደረቀችም።"

ባሏ ብድግ አለ።

"ቁጭ በል!" አሉት ሽማግሌው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንደገና ጠየቋት። "ማን ሞቶብሽ ነው፣ ልጄ?"

ቀና ብላ ባሏን ትኩር ብላ አየችው።

"ባሌ።"

ጋሽ ድንበሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እግዜር ያጽናሽ" አሏት።