የግራው መቅዘፊያ

ጥርስ ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ነው የሚውለው፤ የሚያጫውተው ሰው ግን የለውም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ አፉን ይከፍታል እንጂ መልስ አይሰጥም።

ስለዚህ ማታ ቤቱ ሲገባ መኝታ ቤቱን ዘግቶ ስልኩ ላይ ጌም ይጫወታል። አርባ ያለፈው ሰው ጌም ላይ ተደፍቶ ማየት ያሳፍራል ትላለች ሚስቱ። ትበል።

ጌሙ ቀላል ነው። አንድ ጀልባ፣ ሁለት ቀዛፊ። ሐኪሙ በቀኝ ይቀዝፋል፤ ሌላው ሰው፣ የትም ይሁን የት፣ በራሱ ስልክ በግራ ይቀዝፋል። እኩል ካልቀዘፉ ጀልባዋ ትዞርና ድንጋይ መትታ ትገለበጣለች። ሐኪሙን ደስ የሚለውም ይኸው ነው። በስህተት የነቀሉት ጥርስ አይመለስም። የተገለበጠች ጀልባ ግን ከዳር ተነስታ እንደገና ትሄዳለች፤ ከሳሽ የለ፣ ወቃሽ የለ። ደግሞ ሁለቱ መቅዘፊያዎች እኩል ውሃውን ሲመቱ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር እንዲያ መግባባት እንዴት ደስ እንደሚል ላልሞከረው ማስረዳት ይከብዳል።

እዚያ ስሙ «መንጋጋ» ነው። በግራ የሚቀዝፍለት ደግሞ «ሸምበቆ» ይባላል። ሸምበቆ ዘንድሮ አንድ ማታ ራሱ ጥያቄ ልኮ የገባ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ችኩሎች ነበሩ፤ ጀልባዋ ስትገለበጥ ይሳደባሉ። ሸምበቆ አይሳደብም። «አይዞዎት፣ እንደገና እንሞክር» ብሎ ይጽፋል።

ይህ «እርስዎ» ማለቱ ሐኪሙን ከነከነው። ጌም ላይ ማን ማንን አንቱ ይላል? ይሄ የሚያውቀኝ ሰው ነው አለ በልቡ። አስቦ አስቦ ጥርጣሬውን አብራው የምትሠራው ነርስ ላይ ጣለ። ስልኳ ከጋዋኗ ኪስ አይጠፋም፤ በሽተኛውንም እሱንም «አይዞዎት» ነው የምትለው። ማወቁን ግን አልነገራትም፤ ጨዋታው እንዳይበላሽ ፈርቶ «አንተ» እያለ መጻፉን ቀጠለ።

አሁን ጨጓራውን የሚልጠው ሌላ ነው። የጌሙን የመጨረሻ ፏፏቴ ማለፍ አቅቷቸዋል። ስንት ሳምንት ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነባቸው። ልክ አፋፉ ላይ ሲደርሱ ዋይፋዩ ይንቀራፈፍና ጀልባዋ ባለችበት ትደርቃለች። ኔቱ ሲመለስ ተገልብጣ ትገኛለች።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቃል፤ የአማቱ ነው። ጉልበታቸውን ሊታከሙ ለሁለት ሳምንት ብለው መጡ። ጉልበታቸው ድኖ ደረጃውን ይወጡታል ይወርዱታል፣ አሁንም የእንግዳ ክፍሉ ውስጥ ናቸው። እራት ተበልቶ እንዳበቃ በራቸውን ይዘጋሉ፤ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው እስኪተኙ ስልካቸው ላይ ናቸው። ከእሱ ጋር ከሰላምታ ሌላ ወሬ የላቸውም። «እንዴት ዋሉ?» «ይመስገን፣ እንዴት ዋሉ?» ከዚያ ሁለቱም ወደየክፍላቸው።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያዩት?» ሲል ሚስቱን ጠየቃት።

«ስብከት ነዋ።»

«ስብከት ይህን ያህል ኔት ይበላል?»

«እናቴን ተዋት። ይልቅ አንተ ያንን ስልክ አስቀምጠው።»

ያን ማታም አፋፉ ላይ ደረቁ፤ ኔቱ ሲመለስ ጀልባዋ ተገልብጣለች። ሐኪሙ ደሙ ፈላ። ቀን ነርሷን በሽተኛ ፊት ተቆጥቷት ስለነበር ንዴቱ ድርብ ነው።

«ሸምበቆ፣ ይቅርታ» ብሎ ጻፈ። «አማቴ ናት ኔቱን የምትጨርሰው። ለሁለት ሳምንት መጥታ ተተከለችብን።»

«ምናልባት ብቸኝነት ይሆናል» ሲል መለሰ ሸምበቆ።

«እኔ ምን ቤት ነኝ? ጓዟን ጠቅልላ በሄደችልኝ! ፊቷን ማየት ሰልችቶኛል።»

እንደገና ከዳር ተነሱ፤ ውሃው ይጋልባል። ቀኙ ይቀዝፋል፣ ግራው ግን ቀጥ አለ። ጀልባዋ ዞራ ድንጋዩን መታች።

«ምን ሆንክ?»

ሸምበቆ መለሰ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እጄን ያዘኝ።»

«እጅህ አይደለም፣ ኔቱ ነው» ብሎ ጻፈና ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረው።

ጠዋት አማቱ ሻንጣቸውን በር ላይ አስቀምጠው ጠበቋቸው። «እንግዲህ ቤቴ ልግባ» አሉ። ሚስቱ ለመነች፣ አለቀሰች። ሐኪሙም ለወጉ ያህል «ምነው፣ ትንሽ ይሰንብቱ እንጂ» አለ፤ ሆዱ ግን ይጨፍራል። መንገድ ላይ አድሮ የሚገባው አውቶቡስ ላይ ሻንጣቸውን ራሱ ጫነላቸው።

«አስቸገርኩዎት» አሉት በመስኮት።

«ኧረ ምን ችግር አለው።»

ያን ማታ ኔቱ ለጉድ ፈጠነ። ሸምበቆ ግን የለም። ጠበቀ፣ ጻፈ፣ መልስ የለም። ቢቸግረው ከሌላ ቀዛፊ ጋር ሞከረ፤ በመጀመሪያው ድንጋይ ተገለበጡ፤ ሰውየው «ደደብ» ብሎት ወጣ። አኩርፋ ነው አለ ሐኪሙ፤ ነርሷ በቁጣው አኩርፋ ነው።

በማግስቱ በሽተኛ ሳይገባ፣ ገና ጋዋኑን ሳይለብስ ነርሷን ጠጋ አላት። «ያን ዕለት የተናገርኩሽን ተይው፤ አጥፍቻለሁ። ማታ ግቢና እንቅዘፍ።»

ነርሷ ጓንቱን በአንድ እጇ እንዳጠለቀች ቆመች። «ምን እናድርግ፣ ዶክተር?»

«እንቅዘፍ። ሸምበቆ አንቺ አይደለሽ?»

«እኔ እንኳን መቅዘፍ ዋናም አልችል» አለችና ትሪዋን ይዛ ወደ ወዲያኛው ክፍል ሄደች። ሐኪሙ ኩም አለ። ቀኑን ሙሉ ቀና ብሎ አላያትም።

ማታ አንጀቱ አርሮ መኝታ ቤት ገባ። ሚስቱ አታናግረውም። ኔቱ ተስተካከለ ሲል ቀዛፊው ጠፋ፤ በቃ፣ አጥፍቶት ሊገላገል ወሰነ። ጌሙን ከስልኩ ሊሰርዝ ጣቱን ሲያነሳ መልእክት ገባ። የሸምበቆ ነው። ተስፈንጥሮ ተነሳና አነበበ።

«በሰላም ገብቻለሁ። ኔቱም ከእንግዲህ አያስቸግርዎትም። ይቀዝፋሉ ወይ፣ አማቼ?»