የቀብር መልስ ንፍሮ

ሐኪሙ ለአደንዛዥ ዕፅ መርፌ ሱሱ የሚዋጥ መድኃኒት አዘዘለትና በሰመመን ለሚደረግ የሂፕኖሲስ ሕክምና ደግሞ ወደ ሲስተር ትርሲት ላከው።

«እንቅልፍማ ቤቴም አለኝ፣ ሲስተር» አለ ጋደም እያለ።

«የቤትህ እንቅልፍ ጥያቄ አይጠይቅህም።»

በለሰለሰ ድምጿ ቀስ በቀስ ይዛው ሄደች። ሱሱ ሲነሳበት ምን እንደሚታየው ጠየቀችው።

«ጓደኛዬ ናሆም» አለ ዓይኑን እንደጨፈነ። «መርፌ ያስለመድኩት እኔ ነኝ። የሞተ ዕለትም የወጋሁት እኔ ነኝ፤ ጥዬው ሮጥኩ። ከቀብሩ መልስ ግን እንደ ሰው እጄን ታጥቤ ድንኳን ገባሁ፤ ንፍሮውንም ሁለቴ አስጨምሬ በላሁ። ማንም አላወቀብኝም።»

ሲስተር ትርሲት በዚያው በለሰለሰ ድምጿ፣ «ከእንግዲህ መርፌ አያምርህም» አለችው። «የምትጎርሰው ሁሉ ግን አፍህ ውስጥ የዚያን ቀን ንፍሮ ይሆናል።»

በወሩ ሐኪሙ በውጤቱ ተደስቶ ሸኘው። እሱ ግን ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ አስበስቶ ወደ ሲስተር ትርሲት ተመለሰ።

«መርፌውንስ ረሳሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ክትፎውም ዳቦውም ንፍሮ ንፍሮ ይላል። ምን ይሻለኛል?»

«‹ነፍስ ይማር› እያልክ ብላ» አለችው።

«የማንን?»

«የወንድሜን።»