ለዘመድ አይሸጥም

ልብስ ሰፊዋ ስልኳን መስኮቱ ላይ ከተለጠፈው ራጅ ጎን አስጠግታ አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ራጁን ታያለች። የቀኝ እግር ቅልጥም ነው፤ ከመሀሉ ጎበጥ ያለ፣ ብረት የታሰረበት። ከብሎኖቹ አንዱ ተጣሟል። ስልኩ ላይ ባለው ፎቶም ተጣሟል።

"እሱ ነው?" አለች እናቷ ከአልጋው ጫፍ።

"እሱ ነው፣ እማ።"

ድሮ መስኮቱ መስታወት ነበረው። ሲሰበር አባቷ፣ ጣሪያ ሠሪው፣ ከሰው ቤት ጣሪያ የወደቀ ጊዜ የተነሣውን ራጅ ለጠፈበት። "እግሬን ከፍዬ የገዛሁት መስታወት ነው" እያለ ይቀልድ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ቤት የምትገባው በአባቷ እግር አልፋ ነው። ልብስ ሰፊዋ በዚያ ብርሃን ስላደገች አጥንቱን እንደ ፊቱ ታውቀዋለች።

ሬሳዬን ለሕክምና ኮሌጅ ስጡልኝ ብሎ የተናዘዘው ራሱ ነው። "ከዘር ማንዘራችን ኮሌጅ የምገባው የመጀመሪያው እኔ ነኝ" እያለ ጎረቤቱን ሁሉ ሲያስቅ ከርሞ አምና ሞተ። ያልሳቀችው ሚስቱ ብቻ ነበረች፤ አፈር ያልለበሰ ሰው አያርፍም ባይ ናት።

ዛሬ ልብስ ሰፊዋ ያገለገለ የስፌት መኪና ስትፈልግ ኢንተርኔት ላይ ባለ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ገጽ የአጥንቱን ፎቶ አገኘች፣ በሁለት አሮጌ አምፖል ማቀፊያዎች መሀል። "እውነተኛ የሰው አጥንት፤ ለሳሎን ጌጥ የሚሆን" ይላል። ኮሌጁ ጋ ደወለች። "በክብር አሳርፈናቸዋል" ብለው ዘጉባት። የቀራት ሻጩ ነው። ደወለችለት፤ እናቷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"አለ፣ እህቴ፣ አልተሸጠም" አለ ሻጩ። በድምፁ ልጅ እግር ነው፤ ጨዋም ይመስላል። "ዕቃው ንጹሕ ነው። ብረቱም አብሮት አለ።"

"ሌላው አካሉስ?"

"ኧረ እሱ ሄዷል። ጭንቅላት መቼም አያድርም። እጆቹን አንድ ሰዓሊ ወሰዳቸው። ይሄ ጎበጥ ስላለ ነው የቀረው፤ ሰው ቀጥ ያለ ይወዳል።"

እናትየው አልጋ ልብሱን ጨበጠች። ያንን እግር ክረምቱን ሙሉ በሙቅ ውኃ ያሸችው እሷ ናት።

"እንወስደዋለን" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ብቻ፣ እንዳትቀየሚኝ። ዘመድ አይደለሽም አይደል? ለዘመድ አልሸጥም። ባለፈው አንዷ 'የእናቴ ነው' ብላ በሬ ላይ ለቅሶ ተቀመጠችብኝ፤ መንደሩን ሰበሰበችው። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ነኝ የሚል ከመጣ ዕቃውን ሰባብሬ ነው የምጥለው።"

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች። አይደለሁም ማለት አቃታት። ዕድሜዋን ሙሉ ከስሟ ቀጥሎ የሚጠራው የአባቷ ስም ነው።

"እህቴ? አለሽ?"

እናትየው ተነሥታ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

"አናውቀውም፣ ልጄ" አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። "ለጌጥ ነው።"

"እንዲያ ከሆነ ችግር የለም፣ እማማ። አድራሻችሁን ንገሩኝና አመጣዋለሁ።"

"ብቻ አደራህን፣ ደህና አድርገህ ጠቅልለው። አንዴ የተ..." አለችና ቃሉን ዋጠችው። "እንዳይሰበር።"

ሻርፗን ከትከሻዋ አወለቀች። መስኮቱ ጋ ሄዳ፣ ለሚመጣው ሰው እንዳይታይ፣ ራጁ ላይ ከዳር እስከ ዳር ዘረጋችበትና በሁለት እጇ ደግፋ ቆመች። ቤቱ ጨለመ።

"የቱ ጋ ነው ቤቱ?" አለ ሻጩ።

"አረንጓዴ ጣሪያ ያለው ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ። ቆርቆሮውን የመታው አባቷ ነው። "ከጠፋህ ጠይቅ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።"