ሀጀርን እየገፋሁ

የሰደበችኝ ሀጀር ናት። ሚያዝያ 2002፣ ባቲ፣ ሰኞ ገበያ፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ። እኔ ለሕዝብ ታዛቢነት ተጠቁሜ ቆሜያለሁ። እሷ ለፓርላማ ትወዳደራለች፤ ድምፅ ማጉያው በእጇ ነው። «ዒሳ ነው ድምፅ የሚቆጥረው?» አለች። «ዒሳ እኮ ማታ ማታ ፍየሎቹን እንኳ የምትቆጥርለት እናቱ ናት!» ገበያው በሳቅ አውካካ። እኔ ከታዛቢነት ቀረሁ። እሷ ፓርላማ ገባች፣ ኋላም ሚኒስትር ዴኤታ ሆነች።

ይኸው ዛሬ መካ፣ ሐረም መስጊድ ውስጥ፣ ጋሪ ገፊ ሆኜ፣ ከሰፋ ኮረብታ ወደ መርዋ ኮረብታ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋኋት ነው። ጉልበቷን ያማታል። ከኋላዋ ነኝ፣ አፌን በማስክ ሸፍኛለሁ፣ ጺሜም ሸብቷል፤ አላወቀችኝም። የጥንቷ ሀጀር ለልጇ ውሃ ፍለጋ እዚህ ቦታ ሰባት ጊዜ የተመላለሰችው በእግሯ ነበር። የኛዋን ግን ዒሳ ይገፋታል።

አረንጓዴው መብራት ጋ ስንደርስ እንደ ሥርዓቱ ወንዶቹ ሶምሶማ ይጀምራሉ። እኔም ጋሪውን እየገፋሁ እሮጣለሁ።

«ኧረ ቀስ! ሴት እዚህ አትሮጥም!»

«እርስዎማ ተቀምጠዋል፣ እትዬ። የሚሮጠው ጋሪው ነው።»

ትስቃለች። መርዋ ስንደርስ እጆቿን ዘርግታ «አልሐምዱሊላህ፣ ሰባት! ጨረስን» ትላለች።

አምስት ነው።

«አይደል እንዴ፣ አሚን?» ትላለች፣ አጠገባችን የሚሄደውን የእህቷን ልጅ። ሹመቷ ካለፈ ቆይቷል፤ እሱ ግን ዛሬም በሹመቷ ይጠራታል።

«ሰባት ነው፣ ክብርት ሚኒስትር ዴኤታ።»

«ወይስ ስድስት?»

«ስድስትም ይመስለኛል፣ ክብርት።»

ዝም ብል ማን ያውቅብኛል? የዑምራ ሥርዓቷ ጎዶሎ ሆኖ፣ እሷ ሞላ ብላ ደስ እያላት አገሯ ትገባለች። የኔም ወገብ ያርፋል። ግን አምስቱን ሰባት ብዬ ማሳለፍ አልሆንልህ አለኝ።

«አምስት ነው፣ እትዬ።»

«በምን አወቅህ?»

አንድ ዙር ባለቀ ቁጥር አንድ የቴምር ዘር ከቀኝ ኪሴ ወደ ግራ አሻግራለሁ፤ ጋሪ ገፊ ሁሉ የየራሱ ዘዴ አለው። ቀኝ ኪሴን ገልብጬ የቀሩትን ሁለቱን አሳያታለሁ።

«ያ አላህ! ልታዋርደኝ ነበር እኮ፣ አሚን» ትላለች ተመልሳ እየተደላደለች። «ምን ላድርግ፣ የኔ ሥራ እጅ ማውጣት ነበር፤ የሚቆጥረው ሌላ ሰው ነው።»

ስድስተኛው ዙር ላይ ቆጠራ ያስታወሳትን ለአሚን ታወራለታለች። የባቲን ገበያ፣ ድምፅ ማጉያውን፣ ፍየሎቹን፣ የእናቴን ነገር። አንድም አልጎደለ። «ያን ቀን የሳቀልኝ ገበያ ነው የመረጠኝ» ትላለች። አሚን በሳቅ ይንፈራፈራል። እኔም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ማስኬ ውስጥ እስቃለሁ። እናቴ እውነትም ትቆጥርልኝ ነበር።

ሰባተኛው ዙር ላይ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። «ወንበሩም ሹመቱም አለፈ። ያ ልጅ ግን ትዝ ይለኛል። ከዚያ ሁሉ ሰው ያልሳቀው እሱ ብቻ ነበር።»

መርዋ። ክንዷን ደግፌ አስነሳታለሁ። ዞር ብላ ዓይኖቼን ትኩር ብላ ታያለች።

«ወንድሜ፣ ስምህን ንገረኝ። በስምህ ዱዓ ላድርግልህ።»

ስሜ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ፣ እዚሁ መካ፣ ነካሳ ሰፈር ካለችው ክፍሌ ጣሪያ ጋር የተለማመድኩት መልስ ሁሉ ከኋላው ተሰልፏል። እሷ እጆቿን ለዱዓ ከፍታ ትጠብቃለች።

ጋሪውን አዞራለሁ።

«አንተ! ክብርት ስምህን ጠየቁህ እኮ!» አሚን ከኋላ ይጮሃል።

የመርዋ ቁልቁለት ላይ ባዶው ጋሪ ከእጄ ያመልጣል። ሰዎች እየሳቁ መንገድ ይለቁለታል፤ እኔም የጋሪ ገፊ ሰደሪያዬ እየተውለበለበ ከኋላው እሮጣለሁ።