የቢተር ዳኛው

መርዕድ እንግሊዝ አገር፣ ሆሎዌይ መንገድ ላይ ካሉት፣ ፐብ ከሚሏቸው መጠጥ ቤቶች በአንዱ ምድር ቤት ውስጥ ይሠራል። ሥራው በርሜሎቹን መጠበቅ ነው። ቢተር የሚባለው የእንግሊዞች መራራ ቢራ በርሜል ውስጥ ከገባም በኋላ መፍላቱን አይተውም፤ ካልተከታተሉት ይበላሻል። አዲስ በርሜል የሚገባው ረቡዕ ረቡዕ ነው። የዚያን ቀን መርዕድ ሳይነጋ ከቤት ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል።

ከዚህ በፊት ባስ ነጂ ነበር። ልጁ ፋና የሞተችው አምና ነው፤ ገና መቀመጥ ጀምራ ነበር። ከቀብሯ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የባሱን ሥራ ትቶ ፐብ ገባ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። መጠጥ በሚከለከልበት ቤተ ክርስቲያኑ ያሉ ሰዎች ግን ለመገመት አልተቸገሩም።

እሁድ የፋና ሙት ዓመት ነው። ጉባኤው ሊጸልይ፣ መርዕድም መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ ልጁ ሊናገር ተወስኗል። ዓመቱን ሙሉ ከሰው የለመነው ነገር ይህ ብቻ ነው። ስሟን በሰው ፊት ቆሞ መጥራት ፈልጓል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፐቡ ውስጥ የቢተር ውድድር ነበር። የሰፈሩ ሦስት ፐቦች አተላው እንዲወርድ ብለው በርሜሎቻቸውን ቀደም ብለው አስገብተዋል። የትኛው ብርጭቆ የማን እንደሆነ ለዳኞቹ አይነገርም።

መርዕድን ከዳኞቹ አንዱ ያደረገው የፐቡ ኃላፊ ቤንጃሚን ነው። ለአፍንጫው ብሎ ነው። መርዕድ አሽትቶ ብርጭቆው በምን ሳሙና እንደታጠበ ሳይቀር ያውቃል። ቤንጃሚንን የሚያስቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። መርዕድ ሁልጊዜ ይቀምስና ባልዲ ውስጥ ይተፋል። የቢተር መራራነት የሚታወቀው ሲዋጥ ጉሮሮ ላይ ነው። ቤንጃሚን በዚህ ምክንያት ስብከት ሳያልቅ ሹልክ የሚል ምእመን እያለ ይቀልድበታል።

መርዕድ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አነሳው። ጥርት ያለ ነው። በብርጭቆው ውስጥ አሻግሮ መስኮቱ ጋ የተቀመጡ ሰው ታዩት። ካፖርታቸውን አላወለቁም፤ ፊታቸው ያለው የብርቱካን ጭማቂ አልተነካም። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ መኩሪያ ናቸው።

መርዕድ ብርጭቆውን ለአፍታ እንደያዘ ቆየ። ከዚያ አሸተተ፣ ጠጣ፣ ዋጠ።

ቤንጃሚን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ዛሬስ ስብከቱን ጨረስክ አለው።

ሁለተኛው መልካም ነበር። ብቅሉ ቀድሞ ይመጣል፣ ሆፕስ የሚሉት የእነሱ ጌሾ ደግሞ ዘግይቶ ጉሮሮ ይይዛል። መርዕድ ያንንም ዋጠ። ሦስተኛውን ግን አሽትቶ ጠረጴዛው ላይ መለሰው።

“ይሄ የኛ ነው” አለ። “ወደ ሆምጣጤ እየሄደ ነው።”

ቤንጃሚን ፊቱ ጠቆረ። ሁለቱ ዳኞች ደጋግመው አሸተቱ፤ ምንም አልሸተታቸውም። አንደኛዋ በርሜሉን የጠበቅከው አንተ፣ የምትጥለውም አንተ፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ አለችው። መርዕድ ፍርዱን አልቀየረም። ፐቡ ተሸነፈ።

ጋሽ መኩሪያ ሁሉንም ከቦታቸው ሆነው አዩ። መርዕድ ሲጨርስ እጁን ጠርጎ አጠገባቸው ተቀመጠ።

ሽማግሌው መናገር የከበዳቸው ይመስሉ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ እህቶች ረቡዕ ጠዋት ሚስቱን ብፅዓትን ሊጠይቁ ሄደው እንደነበር ነገሩት። ሶፋ ላይ ብርድ ልብስ ለብሳ አገኟት። ጥርሷን አሟት ቅርንፉድ ይዛለች። የቀዘቀዘ ሻይ እንደታቀፈች ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም፤ በባሏ አፍራ ነው አሉ። ቤቱ መጠጥ መጠጥ ይሸት ነበር። ከእህቶች አንዷ፣ ሮማንወርቅም፣ አንድ ቀን ባስ ላይ ከመርዕድ ቦርሳ ውስጥ ጠርሙስ ሲንኳኳ ሰምታለች።

“እሷን እኮ ያቆማት የእህቶች ጸሎት ብቻ ነው” አሉ ጋሽ መኩሪያ። “ጸሎቱን ብታጣ ምን ይቀራታል? አንተ ደግሞ በሐዘኗ ላይ ሌላ ትጨምራለህ።”

ሽማግሌው ጠጋ አሉት።

“እውነቱን ንገረኝ። ትጠጣለህ?”

“እጠጣለሁ፣ ጋሽ መኩሪያ።”

“ቤትም?”

“ቤትም።”

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይክዳል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። አሁን ግን ምን ይላሉ? የራሱን በርሜል በሰው ፊት የጣለ ሰው በራሱ ላይ አይዋሽም። በሽማግሌዎች ዘንድ ነገሩ እስኪታይ እሁድ መድረክ ላይ መውጣት እንደማይችል ነገሩት። የፋናን ስም እሳቸው ይጠሩታል።

መርዕድ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

“ጮክ ብለው ይጥሩት” አለ። “ከኋላ ለተቀመጠ እንዲሰማ።”

ጋሽ መኩሪያ እሺ አሉ። ተነስተውም አሁኑኑ ሄደው ብፅዓትን ሊያጽናኗት እንዳሰቡ ነገሩት።

“ዛሬ ይተዉት” አለ መርዕድ ፈጠን ብሎ። “በዚህ ሰዓት ትተኛለች። ለእርሷ እኔው እነግራታለሁ።”

ሽማግሌው ጨብጠውት ወጡ። መርዕድ ብርጭቆዎቹን አጠበ፣ የተበላሸውን በርሜል ዘጋ፣ ቦርሳውን አንስቶ ባስ ተሳፈረ። ቤት ሲደርስ ገና አልመሸም። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ይበራል። የፋና ፎቶ የነበረበት ቦታ ላይ ሚስማሩ ብቻ አለ። መብራቱን አላበራም።

ብፅዓት ሶፋው ላይ ተኝታለች፤ መርዕድ የሻይ ኩባያውን ከእጇ ቀስ አድርጎ ወሰደና የተረፈውን ዊስኪ ደፋ፣ ባዶውን ጠርሙስም ከትራሷ ሥር አውጥቶ እንደወትሮው በሥራ ቦርሳው ከተተ።